የቤዛዊት ቁልቁለት

ልጄ ማውንቴን ብስክሌቷን ይዛ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ልትወጣ ስትሰናበተኝ እጇ ዘይት ዘይት ሸተተኝና ልቤ ድንግጥ አለ።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ እኔም ብስክሌቴ እንዲያብረቀርቅ ብዬ፣ ከካቴናው አልፌ የፍሬኑን ላስቲክ ሳይቀር ዘይት ቀባሁት። የቤዛዊትን ቁልቁለት ስጀምር ፍሬኑን ጨበጥሁ፤ አልያዘም። እግሬን የኋላ ጎማው ላይ ጫንሁ፤ ጫማዬ ጨሰ። ከታች የጭነት መኪና እየወጣ ነበር። ዐይኔን ጨፍኜ ወደ ቁጥቋጦው ገባሁ።

ጓደኞቼ ተሸክመው ብስክሌት ጠጋኙ ጋሼ ሙሉ ዘንድ ወሰዱኝ። አዛውንቱ የሚደማ ጉልበቴን ሳያዩ ፍሬኑን በጣታቸው ዳሰሱና፣ «ማን ቀቢ አለሽ ልጄ? ፍሬን የሚያድነው ሲደርቅ ነው» አሉኝ።

አሁን የልጄን ፍሬን በጣቴ ዳሰስሁት። ደረቅ ነው።

«እማዬ፣ ኮርቻውን ልቀቂልኝ እንጂ፤ ጓደኞቼ እየጠበቁኝ ነው» አለችኝ።