የጋሽ ሎሃን ድምፅ ያደከምኩት እኔ ነኝ

ይህን ለእናቴም፣ እዚህ ሶዶ ዶርም አብረውኝ ለሚኖሩት ልጆችም ነግሬ አላውቅም። ለማያውቁኝ አንባቢ ለእርስዎ ግን ሳልሸፍን ልጻፈው።

ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ቦዲቲ በቤተ ክርስቲያናችን የድምፅ ክፍል አገለግል ነበር። አንድ እሁድ ከሰዓት ጋሽ ሎሃ የሚባሉ ሽማግሌ በወጣትነታቸው የደረሷቸውን የወላይትኛ መዝሙሮች ሲዘምሩ ቀዳሁ። ድምፃቸው አዳራሹን ይሞላ ነበር። «ማይኩን ራቅ አድርገው ልጄ፣ ሰብሬው እንዳትቆጣኝ» አሉኝ እየሳቁ።

በኋላ የክፍሉ ኃላፊ የዓመቱን ቅጂ በሙሉ ቦታ እንዳይፈጅ ጨምቄ በአንድ ሚሞሪ ካርድ ላይ እንዳደርግ አዘዘኝ። የመጭመቂያው ፕሮግራም ጥራቱን ያስመርጣል። ሲጨመቅ የሚፈጠረውን ሻካራ ድምፅ ጆሮ ብዙም ወደማይሰማው የድምፅ ክልል የሚገፋ ምርጫም አለው፤ ሥራውን ግን ያዘገያል። እኔ ጥራቱን የመጨረሻው ዝቅተኛ ላይ አደረግሁ፤ ያንን ምርጫም አጠፋሁ። አውቄ ነው ያደረግሁት። አንዱን እንኳ ከፍቼ ሳላዳምጥ ዋናዎቹን ፋይሎች ሰረዝኩ። ለምን ቸኮልኩ? በአንድ ቀን ጨርሼ ጎበዝ ለመባል። ተባልኩም።

ከሁለት ወር በኋላ ጋሽ ሎሃ በድንገት ታመው ዐረፉ። ሻንቶ ከተማ የምታስተምረው ልጃቸው አስቴር ድምፃቸውን ፈልጋ መጣች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማች። ከካርዱ የወጣው ውሃ ውስጥ እንደሚዘምር ሰው የታፈነ፣ የቀጠነ ድምፅ ነበር።

«የአባቴ ድምፅ እንዲህ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«ያኔም ደክሟቸው ነበር» አልኳት።

ዋሸሁ። ጥራቱን ዝቅ ማድረጌ ስንፍና ነበር፤ ይህስ ምን ይባላል? ማዳመጫውን ቀስ ብላ አወለቀች።

«በሽታው ያኔ ጀምሮት ነበር ማለት ነው። አንተ እንኳ አውቀሃል። እኔ ልጁ ሆኜ ሐኪም ቤት አልወሰድኩትም።»

አይደለም ብላት ይበቃ ነበር። አላልኩም። ባጃጅ ጠርቼ ሸኘኋት፤ እሷም አመስግናኝ ሄደች።

ባለፈው ወር እናቴ ስትደውል አስቴር ዛሬም በአባቷ ሞት ራሷን እንደምትወቅስ ነገረችኝ። እናቴ ታዝንላታለች።

ልጅ ነበርኩ ማለት እችላለሁ፤ አልልም። ቅዳሜ ሻንቶ እሄዳለሁ። ፋይሉ አይመለስም። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ የእሷ ፈንታ ነው። ግን አባቷ ያን እሁድ ጤነኛ እንደነበሩ፣ አይታ ያለፈችው በሽታ እንዳልነበረ ከእኔው አፍ ትሰማለች።