የባሻ ተክሌ አፍንጫ

ከጀጎል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ከሙሴ አጎፕ ሥራ ቤት የገባሁት ኖራ በወንፊት ልነፋ ነበር። ሙሴ አጎፕ ለሹማምንት ቤት ጌጥ የሚሆን የጣሪያ አበባና የአንበሳ ራስ ከኖራ የሚሠራ አርመን ነው። በመጀመሪያው ቀን ጭቃ ሳቦካ አየኝና «እጅሽ ያውቃል» አለኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ ሦስት ቀን አኮረፈች። የወታደር ልጅ ጭቃ ካበጀች ቡዳ ትባላለች። ጭቃ ቤት ውስጥ መኖር ግን ማንንም ቡዳ አላሰኘም።

ሦስት ዓመት በትርፍራፊ ጭቃ የሰው ራስ እየሠራሁ መልሼ አፈረስኩ።

ከዚያ ባሻ ተክሌ የሚባል የጦር ሹም ኦጋዴን ዘምቶ ሞተና እዚያው ተቀበረ። አስከሬን በሌለበት ልቅሶ እንጨት ይተከልና የሟቹን ልብስ ይለብሳል፤ ሰው እሱን እያየ ያለቅሳል። ሚስቱ ወይዘሮ አመለወርቅ ግን ፊት ያለው ምስል ፈለጉ። ሙሴ አጎፕ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ።

«ሰው ከሳቀ ወደ ወንፊትሽ ትመለሻለሽ። ካለቀሰ ራስ ሠሪ ነሽ።»

ባሻን አይቼው አላውቅም። አፍንጫው ሰልካካ፣ ግንባሩ ሰፊ ነው አሉኝ ወይዘሮዋ። እንዳሉኝ ሠራሁ። ስህተቴ ሚስትን ማመኔ ነው።

በልቅሶው ቀን አልቃሿ ጀመረች፤ የተከተላት የለም። ሁሉም አንገቱን ያሰግጋል። «ማነው ይሄ?» ይባባላል።

ከጀጎል ውስጥ ሊያስተዛዝኑ የመጡት ሐጂ ዩሱፍ ጠጋ ብለው አዩት። ከባሻ ጋር በአትክልት ድንበር ዘጠኝ ዓመት የተሟገቱ ነጋዴ ናቸው።

«ወላሂ፣ ከዚህ ሰው ጋር ተሟግቼ አላውቅም» አሉ።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ወንፊቱ ታየኝ። የጭቃ መቅረጫ ቢላዬን ይዤ ተነሳሁ።

«አባባ፣ ምኑ ነው ያልመሰለው?»

«አፍንጫው! ወደ ቀኝ ጠማማ ነው፤ ዳኛ ፊት ሲዋሽ ደግሞ ይብስበታል። የግራ ቅንድቡ ስንጥቅ ነው። እኔ ስናገር ከንፈሩን እንዲህ ይነክሳል።»

«ሐጂ፣ ባሌን በልቅሶው ቀን ያዋርዱታል?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊት የቆምኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ከጎኑ ነበሩ።»

ጭቃው ገና እርጥብ ነበር። አፍንጫውን በአውራ ጣቴ ገፋሁ፤ ቅንድቡን ሰነጠቅሁ፤ ከንፈሩን አስነከስኩ።

ወይዘሮ አመለወርቅ ቀና ብለው አዩ። «ተክልዬ!» ብለው ወደቁ። ግቢው በሙሉ ተከተላቸው። ሐጂ ዩሱፍ ዓይናቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ከዚህስ ጋር ተሟግቻለሁ» አሉ።

በማግሥቱ ሙሴ አጎፕ ወንፊቱን ከእጄ ተቀበለኝና የራሱን ቢላ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ራስ ሠርቻለሁ። የሟች ምስል ሲያዙኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ከማን ጋር ይሟገት እንደነበር ነው። ሚስትን የምጠይቀው ስለ ልብሱ ነው።