የአባቴ ትከሻና የአራስ ቅቤ

እህቴ የምትሠራበት ሎጅ ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል የሚያይ ነው። ሥራዋ ማሳጅ ነው። ይህን ቃል በሰፈራችን ጮክ ብሎ የሚናገር ስለሌለ፣ ለጠየቀን ሁሉ «ሆቴል ነው የምትሠራው» እንላለን። አባቴም እንደዚያ ነው የሚለው።

አንድ ቀን የማሳጅን ጥቅም የሚናገር፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጽሑፍ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ፤ ከቤታችን ገጣሚ ነኝ የሚል ሰው እኔ ብቻ ነኝና። «ጡንቻን ያፍታታል፤ ጭንቀትን ያቀላል፤ የሸሸ እንቅልፍ ይመልሳል» ብዬ ጻፍኩ። በሕይወቴ ማንም አሽቶኝ አያውቅም። ስለ ፍቅርም የምጽፈው በዚሁ ዕውቀት ስለሆነ አልከበደኝም።

ጽሑፉን የሚያነቡት ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ሲቀመጡ ይውሉና መቀመጥ ስላደከማቸው ይታሻሉ። አባቴም ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦ ነው የኖረው። ዶርዜ ተወልዶ ሽመና ተማረ፤ ከዚያ ወዲህ እዚህ ሴቻ ሰፈር፣ ጓሯችን ባለው የሽመና ጉድጓድ ውስጥ እግሩን እንደሰደደ ነው። እሱን ግን ለስብሰባ የጠራው የለም።

ባለፈው ክረምት ቀኝ ትከሻው ያዘው። መወርወሪያውን በድሩ መሀል ለማሳለፍ እጁን ሲዘረጋ ሕመሙ ከግማሽ መንገድ ይመልሰዋል። ጤና ጣቢያ ታየና «አጥንትዎ ደህና ነው፤ የተኮማተረው ጡንቻ ነው። ያሳርፉት፣ በቀስታም ይታሹ» አሉት። ማሳረፉን ተቀበለ፤ መታሸቱን እንዳልሰማ ሆነ።

የጀመረው ጋቢ በግማሽ ቀረ። እንቅልፍ አጣ። ቀን ቀን ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ ግማሽ ጋቢውን ያያል፤ ዶሮ ካለፈች ይቆጣል። የፈራነው ለትከሻው ብቻ አልነበረም። ታላቅ ወንድሙ ዓይኑ ደክሞ ሽመና ሲያቆም፣ ጥቂት ቆይቶ ንግግርም አቁሟል።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ሥራዬ ነው» አለችው እህቴ። «የማላውቀውን ሰው ጀርባ ሳሽ ነው የምውለው።»

«እኔ አራስ ነኝ?» አላት።

በእኛ ዘንድ ቅቤ ተቀብቶ የሚታሸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የወለደች ሴት። በሩ ይዘጋል፣ ወገቧ ይታሻል፣ ገንፎ ይገባላታል። ወንድ ሲታመም ይጸለይለታል። ለአባቴም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ትከሻው ላይ እጅ ጭነው ጸለዩ። አንደኛው በጸሎቱ ሙቀት ጫን ሲያደርጉት፣ አባቴ ጸሎቱ ገና ሳያልቅ «አሜን» አለ። እኔም የበኩሌን አደረግኩ፤ ስለ ትከሻው ግጥም ጽፌ አነበብኩለት።

«ጥሩ ነው» አለኝ። «አሁን እጄን ላንሣ?»

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዝ መልበስ አቃተው። እጅጌውን ስይዝለት ተሸነፈ። ሽቶ ያለው የሎጁ ዘይት እንዳይነካው፣ የሚያውቀው ቅቤ እንዲሆን፣ ጎረቤት ገበያ ሲወርድ በር ተዘግቶ እንዲታሽ፣ ለማንም ትንፍሽ እንዳንል አስማለን።

እኔ ደጅ ውሃ ማሞቅና ቅቤ ማቅለጥ ደረሰኝ። ከውስጥ ማቃሰት ይሰማል። እህቴ «ትንሽ ቀረ፣ ትንሽ ቀረ» ትላለች። የቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች ኅብረት ሰብሳቢ የሆኑት ጎረቤታችን ለካ ገበያ አልወረዱም። በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ማነው የሚያቃስተው?»

«ማንም።»

«ቅቤውስ ለማነው?»

«ለምንም።»

«እህትህ ዛሬ ሥራ አልገባችም?»

«ቤት ናት።»

ቅቤውን፣ ውሃውን፣ የተዘጋውን በር አዩ። «እግዚአብሔር ይርዳት» ብለው ሄዱ። ደግ ሴት ናቸው ብዬ አሰብኩ። የሚያቃስተው ድምፅ የወንድ እንደነበር ኋላ ሳነሣባቸው «ምጥ ድምፅ ይለውጣል» አሉኝ።

ማቃሰቱ በማንኮራፋት ተተካ። እህቴ እጇን እየጠረገች ወጣችና «ተኛ» አለችኝ በሹክሹክታ። እንዳይነቃ ብለን ደጃፉ ላይ ዝም ብለን ተቀመጥን። ብዙም ሳይቆይ ሰብሳቢዋ የኅብረቱን እናቶች አስከትለው፣ የተከደነ ገንፎ ይዘው ገቡ። ባል ለሌላት ልጅ እልል ይባል አይባል ግራ ገብቷቸው ፊታቸው ግማሹ ፈገግታ፣ ግማሹ ለቅሶ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ እንዴት ተነሣሽ? ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል!»

እህቴ ከእኔ ቀድማ ገባት። ከኋላ አንዷ «ድሮም ሆቴል ሲባል...» ስትል ሰማኋት። አንድ ቃል ብንናገር ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ቃሉን ግን ለአባታችን ምለን ቆልፈንበታል። እህቴ መሬት መሬት አየች።

በሩ ተከፈተ። አባቴ ያለ ሸሚዝ፣ ጋቢ ጣል አድርጎ፣ አንገቱና ደረቱ በቅቤ እያብለጨለጨ፣ ጉንጩ ላይ የትራሱ መስመር እንደታተመ ቆመ። ሴቶቹን አየ። ገንፎውን አየ። ያቀረቀረችውን እህቴን አየ።

«አራሱ እኔ ነኝ» አለ። «ያሸችኝ ልጄ ናት። ሆቴል የምትሠራው ይህንኑ ነው፤ ማሳጅ።»

ከዚያ ገንፎውን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። የዘረጋው ቀኙን ነበር። እኛ ስናየው ነው እሱም ያየው።

«ታዲያ ጋሼ፣ ምን ወለዱ?» አሉ ሰብሳቢዋ፣ ሳቃቸውን በነጠላቸው ይዘው።

«እንቅልፍ» አለና ተቀምጦ በላ።

ትከሻው በአንድ ቀን አልዳነም። እህቴ በየቅዳሜው እያሸችው፣ እሱም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሠራ፣ ጋቢው አለቀ። ዶሮዎቹም በሰላም ማለፍ ጀመሩ።

ጋቢው ባለቀ ሰሞን፣ ያኔ ሲጸልዩ ትከሻውን ጫን ያደረጉት ሽማግሌ እያነከሱ መጡ። «ለጸሎት ነው» አሉኝና በሩን ራሳቸው ዘጉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እህቴን «ጉልበትም ይታሻል?» አሏት፤ ከኮታቸው ሥርም በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አወጡ።