ሦስት ሜትር ከአምስት

ዘንጌ ሰው አያምንም። የማያውቀው ካለ አንድ ቀን የዕቃ ቤቱን በር ሳያንኳኳ ይግባና ይሞክረው። በቅርጫት ኳስ አዳራሹ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሠራ ያንን ቁልፍ ለሌላ ሰው ሰጥቶ አያውቅም። ሥራ አስኪያጁ እንኳ አንድ ነገር ሲፈልግ «የሚፈልጉትን ይንገሩኝና እኔ አወጣዋለሁ» ነው መልሱ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል። ሚስቱ ይህን አባባል ከመልመዷ የተነሣ «ያል…» ሲል ትጨርስለታለች።

ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። «ባቡሮች» የሚባለው ቡድን የሚለማመድበትንና የሚጫወትበትን አዳራሽ ያሰናዳል። ኳስ ይነፋል፣ መረብ ይቀይራል፣ ወለል ያስጠርጋል። ከሁሉ በላይ ግን ሁለቱ ቀለበቶች ከወለሉ ልክ ሦስት ሜትር ከአምስት ሳንቲም ላይ መሆናቸውን ያረጋግጣል። ለዚህ ደግሞ ሜትር አይጠቀምም። የጨርቁ ይለጠጣል፣ የብረቱን ማን እንደሠራው ማን ያውቃል? ሥራ በጀመረ በሳምንቱ ጠንካራ እንጨት መርጦ፣ ራሱ ልጎ፣ በሦስት የተለያየ ሜትር አስተያይቶ ራሱ ቆርጦ፣ ሦስት ሜትር ከአምስት የሆነ ዘንግ አበጀ። አንድ ተንኮለኛ በሌላ ዘንግ እንዳይቀይርበትም ከታችኛው ጫፍ መዳፉን ዘርግቶ ስንዝር ለካና አውራ ጣቱ ባረፈበት ላይ በጋለ ሚስማር ምልክት አደረገ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ዘንጌ ሆኖ ቀረ። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም መታወቂያው ላይ ካልሆነ የሚያየው የለም።

ጠዋት ጠዋት ዘንጉን ያወጣና የላይኛውን ጫፍ በብብቱ ይዞ፣ የታችኛውን በሻካራው ኮሪደር ላይ ሽርርር እያደረገ እየጎተተ ወደ አዳራሹ ይገባል። ተጫዋቾቹ ድምፁን ሲሰሙ «መጣ!» ይባባላሉ። ሚስቱ አንድ ጊዜ ምሳውን ልታደርስለት መጥታ ይህን ስታይ «አንተ ሰውዬ፣ ምናለ ጫፉ ላይ ቆርቆሮ ብትመታበት?» ብላው ነበር።

«ቆርቆሮ ሲጨመርበት ይረዝማላ!» አላት በንቀት። «ልኩን ላበላሽ ነው?»

ችግሩ ሌላ ነው። አልፎ አልፎ፣ በተለይ ዓመት ገባ ወጣ ሲል፣ ቀለበቱን ከዘንጉ በላይ ከፍ ብሎ ያገኘዋል፤ ፀጉር ታህል። «ማነው የነካው?» ይላል። ጥበቃውን ይጠረጥራል፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ይጠረጥራል፤ ከዚያ መፍቻውን ያመጣና ብሎኑን አዙሮ ቀለበቱን ወደ ዘንጉ ያወርደዋል። በዚህ ምክንያት የአዳራሹን ቁልፍ ሦስት ጊዜ አስቀይሯል። ዳኞቹ ከጨዋታ በፊት «ተለክቷል?» ይሉታል፣ «ተለክቷል» ይላል፣ ይፈርማሉ። በሃያ ስድስት ዓመት ቃሉን የተጠራጠረ የለም። ከአንድ ሰው በቀር።

ያ ሰው «ሲሚንቶዎች» በሚባለው ተቀናቃኝ ቡድን አዳራሽ ውስጥ ቀለበት የሚጠብቅ ነው፤ ድሮ በያጅ የነበረ፣ ዝምተኛ ሽማግሌ። ባቡሮችና ሲሚንቶዎች እሳትና ጭድ ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት በያጁ ከቡድኑ ጋር መጥቶ የብረት ሜትር ከኪሱ አወጣና «ወንድሜ፣ በኔም እንለካው?» አለው። ዘንጌ «ምን ቆርጦኝ!» ብሎ በሩን ዘጋበት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

ዘንድሮ ለዋንጫው የደረሱት እነዚሁ ሁለቱ ሆኑ። ከአምስት ጨዋታ ሦስቱን ቀድሞ ያሸነፈ ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ባቡሮች በገዛ አዳራሻቸው ተጫወቱና አሸነፉ። የዘንጌ የልጁ ባል ከሩቅ ወርውሮ በማግባት የታወቀ ነውና በሁለቱ ቀን አዳራሹን ቀውጢ አደረገው። አንድ ትልቅ ክለብ ዓይኑን ጥሎበታል ይባላል፤ መጨረሻ ላይ መጥተው ሊያዩት ነው። ልጅቱም በደስታ መሬት አልበቃት ብሏል።

ሦስተኛው ጨዋታ ሲሚንቶዎች አዳራሽ ነበር። ዘንጌ በቴሌቪዥን አየው። አማቹ ይወረውራል፣ ኳሱ የቀለበቱን የፊት ጠርዝ መትቶ ይመለሳል። እንደገና ይወረውራል፣ እንደገና ጠርዝ። የሌሎቹም እንደዚያው።

«አጠረበት!» አለ ዘንጌ ከወንበሩ ተነሥቶ። «ለምን አጠረበት?»

«ደክሞት ይሆናላ» አለች ሚስቱ።

«አንቺ ደግሞ! ትናንት ያልደከመው ዛሬ ይደክመዋል? የሁሉም እጅ ባንድ ቀን ይዝላል? ቀለበቱን ከፍ አድርገውታል እንጂ! ያ በያጅ ነው፤ ብረት ማቅለጥ የሚያውቅ ብረት ማንሣት ያቅተዋል?» ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ለአራተኛው ጨዋታ ከቡድኑ ጋር ሄደ፤ ዘንጉን ይዞ። ዘንጉ በአውቶቡሱ መተላለፊያ ላይ ተጋደመ፤ እነዚያ ግንድ የሚያካክሉ ተጫዋቾች እንደ ሕፃን እግራቸውን እያነሡ ተሻገሩት። ሾፌሩ «ጋሽ ዘንጌ፣ ለዘንጉም ቀበቶ ይታሰርለት?» ቢለው አልሳቀም። ሲደርሱ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ገብቶ ዘንጉን ከቀለበቱ ሥር አቆመው። ቀለበቱ ከዘንጉ ጫፍ በላይ ነው። ጣቱን አስገብቶ ሞከረው፤ ሁለት ጣት። ወደ ሌላኛው ሮጠ፤ ሁለት ጣት።

«እጅ ከፍንጅ!» ብሎ ጮኸ። «እጅ ከፍንጅ ያዝኩህ፣ ሌባ!»

በያጁ ከጓዳው ብቅ አለ። አልተቆጣም። «ሜትሬ ይኸውና፣ ና ለካው» አለ።

«ያንተ ሜትር ያንተው ነው!»

«እንግዲያው ምን ላድርግህ? ሌባ እናት ልጇን አታምንም አሉ» ብሎ ተመልሶ ገባ። ዘንጌ ሊከተለው ሲል ሥራ አስኪያጁ ክንዱን ይዞ ወደ ተጫዋቾቹ መልበሻ ክፍል ጎተተው። ወሬው ግን ቀድሞት ገብቷል፤ ሁሉም ጆሯቸውን ቀስረው ይጠብቃሉ።

«ጋሽ ዘንጌ፣ እርግጠኛ ነህ?» አለው ሥራ አስኪያጁ። «ይህን አሁን አናወጣውም። ዋንጫውን ከወሰድን እሰየው። ከተሸነፍን ግን እንከሳለን፣ እዚህ የተደረገው ሁሉ ይሰረዛል። ነገሩ ባንተ ቃል ላይ ነው።»

«ተሳስቼ ከሆነ» አለ ዘንጌ ዘንጉን ወለሉ ላይ ደቅ አድርጎ፣ «ይህን ዘንግ ሁለተኛ አልይዝም! ሥራዬንም ውሰዱት!»

አማቹ ጫማውን እያሠረ ቀና ብሎ አየውና ራሱን ነቀነቀ። ሌላው ቢጠራጠር እሱ አምኖታል። በዚያ ቀንም ተሸነፉ፤ ሁለት ለሁለት ሆኑ።

አምስተኛው ጨዋታ በባቡሮች አዳራሽ ነው። በዕለቱ ዘንጌ ገና ከጠዋቱ ገባ። በያጁ ቂም ይዞ ዘንጉን ቢያስቀይርስ? ሰው ገዝቶ ቢልክስ? ዕቃ ቤቱን ከፈተና ዘንጉን ተንበርክኮ መረመረው። ምልክቱ አለ። ለማንኛውም ብሎ መዳፉን ዘረጋ፤ አውራ ጣቱን ምልክቱ ላይ፣ ትንሿን ጣት ወደ ጫፉ። ትንሿ ጣቱ እንጨት አላገኘችም። አየር ላይ ተንጠለጠለች።

መጀመሪያ እጁን ጠረጠረ። አብጦ ይሆን? የስድሳ ዓመት ሰው እጅ ያድጋል እንዴ! ግራ እጁን ሞከረ፤ ያው ነው። «ቆረጡብኝ!» አለና ጫፉን ወደ ብርሃን አዞረው። መጋዝ የነካው አይመስልም። እንደ አሮጌ ማንኪያ ለስልሶ፣ ባንድ ጎኑ ዶልዱሟል።

የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ስታልፍ ተንበርክኮ አየችው። «ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለች። «ደግሞ ይችን ዱካዎን አንድ ነገር ያድርጉልኝ፤ ስንት ዓመት ፈትጌ ፈትጌ አልለቅ አለችኝ።» በመወልወያዋ ጠቆመችው። ከዕቃ ቤቱ ደጃፍ እስከ አዳራሹ በር ድረስ በኮሪደሩ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ተስሏል።

ዘንጌ ክው አለ። በየጠዋቱ ሽርርር። ሃያ ስድስት ዓመት ሽርርር። ዘንጉ ትንሽ ትንሽ ሲያልቅ ቀለበቱ ከፍ አለ እያለ ሲያወርድ፣ ሲያወርድ፣ ሲያወርድ ኖሯል። ልጆቹ የለመዱት የእሱን ዝቅተኛ ቀለበት ነው፤ ሌላ ቦታ ሲሄዱ የሚያጥርባቸውም ለዚህ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉሃል ይኸ ነው! ደግሞ የሰውን ሽማግሌ ሌባ ብሎ ሰድቦ መጥቷል።

ማንም አላወቀም። ሆድ ይፍጀው ቢል ዋንጫው የቤቱ ነው፤ አማቹም በትልቁ ክለብ ሰዎች ፊት እንደለመደው ያገባል፣ ልጁም ትስቃለች። ቀለበቱን ካነሣው ደግሞ ያ ሁሉ በገዛ እጁ ይበላሻል። ዘንጉን መልሶ አቆመው፤ ቆይቶ የሚረዝም ይመስል ትክ ብሎ አየው። እንዲህ እንደቆመ የሲሚንቶዎች አውቶቡስ ደረሰና በያጁ ኮሪደሩን ይዞ መጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ተለክቷል?» አለ በያጁ።

ተለክቷል ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ዘንጌ ዞሮ ዘንጉን አንድ ጊዜ አየው።

«ሜትርህን ይዘሃል?» አለው።

«መቼ ተለይቶኝ ያውቃል?»

«ና እንግዲያው። ለካ።»

ለኩ። ሁለቱም ቀለበቶች ሦስት ሜትር ከሁለት ሳንቲም ሆኑ። በያጁ ሜትሩን ጠቅልሎ ዘንጉንም አየ፣ የዘንጌንም ፊት አየ። ሌባ ቢለው ያምርበት ነበር፤ አላለውም። «አዳራሹ ያንተ ነው፣ መፍቻውም ያንተ» ብቻ አለ። ዘንጌ መፍቻውን አነሣ። ብሎኑን በማያውቀው አቅጣጫ፣ ወደ ላይ አዞረው።

ሥራ አስኪያጁ ሲነገረው ፊቱ ጠቆረ። «ዛሬን ጠብቀህ? አንድ ቀን ብታሳድረው ምን ነበረበት?»

«ሃያ ስድስት ዓመት አድሯል» አለ ዘንጌ።

«በል ለልጆቹ ትንፍሽ እንዳትል፤ ወሽመጣቸው ይቆረጣል።» ዘንጌም እሺ አለ። ኋላ ሲያስበው በዚያ ቀን የቆጨው ይህች እሺታ ነበረች።

ጨዋታው ትንቅንቅ ሆነ። ባቡሮች በገዛ ቤታቸው ጠርዝ መምታት ጀመሩ። አማቹ እጁን እያየ ይመለሳል፣ ጫማውን ይፈትሻል፣ ኳሱን ያገላብጣል። ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት ባንድ ነጥብ ይመራሉ ሲሚንቶዎች፤ ኳሱ አማቹ እጅ ገባ። ዘለለ፣ ወረወረ። ያች ኳስ ትናንት ብትሆን ትገባ ነበር። የፊት ጠርዙን መታች፤ ድው! ዘንጌ ድምፁን ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ።

ዋንጫው የሲሚንቶዎች ሆነ፤ አዳራሹ ተናወጠ። «ቀለበቱን ነክተውታል!» አለ አንዱ። «ያ በያጅ ነው! ሌባ! ሌባ!» ሰው ሁሉ ወደ ሽማግሌው ግር አለ፤ በያጁም ሜትሩን በኪሱ እንደያዘ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ዘንጌ ወደ ሜዳው መሐል ወጣ።

«እኔ ነኝ የነካሁት!» ብሎ ጮኸ። «ዝቅ ያለ ነበር፤ ዛሬ ልክ አደረግሁት። የኔ ዘንግ ነው የጎደለው። እሱን ተዉት!»

ሰውም ጮኸ፣ ጠርሙስም ተወረወረ፤ ሌባ የሚለው ስድብ ባለቤት ቀየረ። አማቹ ግን አልጮኸም። ቀስ ብሎ መጣና «ታዲያ እዚህ ያስቆጠርኩት ሁሉ…» አለ። ፎጣውን ራሱ ላይ ጥሎ ወጣ። የትልቁ ክለብ ሰዎችም ሳይሰናበቱ ሄዱ።

ዘንጌ ቃሉን ጠበቀ። ዘንጉን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰቀለና ሁለተኛ አልያዘውም። ቁልፉንም ለሥራ አስኪያጁ ወስዶ ሰጠ። ሥራ አስኪያጁ ለሦስት ቀን አኩርፎ መለሰለት፤ ከአዲስ የብረት ሜትር ጋር። አማቹ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታቸው ዝር አላለም። ልጅቱ ብቻዋን እየመጣች ስለ አየሩ ታወራለች። ሚስቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም አልጨረሰችለትም፤ እሱም ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን አባባል ጀምሮት አያውቅም።

አንድ ጠዋት አዳራሹን ሲከፍት አማቹ ኳስ በብብቱ ይዞ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ገቡ። አማቹ ከቀለበቱ ሥር ቆሞ ወደ ላይ አየ።

«አባባ፣ ልክ ነው?»

«ልክ ነው። ትናንት ማታ ለክቼዋለሁ።»

አማቹ አልወረወረም። ኳሱን ወለሉ ላይ አስቀመጠና እጁን ዘረጋ። «ሜትሩን ይስጡኝ» አለ።

ዘንጌ እንደ ጥፊ ተሰማው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ እሱ ለክቼዋለሁ ብሎ፣ ከዚያ በያጅ በቀር፣ ልለካ ያለ ሰው የለም። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለአማቹ ሰጠው። «ሂድ ራስህ አምጣው፤ መሰላሉም እዚያው ነው» አለው። አማቹ ሁለቱንም አምጥቶ በመሰላሉ ወደ ቀለበቱ ሲወጣ ዘንጌ የሜትሩን ጫፍ ተቀብሎ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ በሁለት አውራ ጣቶቹ ወለሉ ላይ ጥርቅም አድርጎ ያዘው።

«ደህና አድርገህ አንብበው» አለ ከሥር ሆኖ። «እኔን አትመን።»