«እዚያ ሰው የለም»

ከሀዋሳ ማዶ፣ ሐይቁን የሚዞረው አቧራማ መንገድ ሸምበቆ ውስጥ ገብቶ በሚጠፋበት በኩል፣ ቤቶቹ ከመራራቃቸው የተነሳ ጎረቤት የሚጠራው በጩኸት ነው። ወርቅነሽ እዚያ ባሏን ቀብራ፣ እንሰቷንና ላሞቿን ይዛ ብቻዋን ትኖራለች። ልጇ ቢኒያም ከተማ ገብቶ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ቤት ተከራይቶ ሹፌር ሆኗል። ቤተ ክርስቲያን ለሚጠይቋት ሁሉ «ትልቅ መኪና ነው የሚነዳው» ትላለች። ምን እንደሚጭን ጠይቃው አታውቅም።

ዘንድሮ ክረምት ሊገባ ሲል ክፉ ሽታ መጣ። መጀመሪያ የሞተ ከብት መሰላት። አንድ ቀን ግን ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ እግሯ የሚያሙለጨልጭ ነገር ረገጠ። ጎንበስ አለች። ጥቁር ዝቃጭ ነው፤ የሕፃን ዳይፐርና የራሰ ሶፍት ተጣብቆበታል፤ ዝንቡ ወሮታል። ከወደ ታች ላሞቿ ይጠጣሉ። እዚያው አስመለሳት።

እግሯን በአመድ አሸችው፣ በሳሙና ፈተገችው። ሽታው ግን ከአፍንጫዋ አልወጣ አለ። ቆጮ ስትቆርስ እሱ፣ ወተት ስታነሳ እሱ። ወተቱንም ደፋችው።

«የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ነው» አላት ዓሣ አጥማጁ ጎረቤቷ ሱሌይማን። «ጠዋት ጠዋት እየመጣ ይገለብጣል።»

በማግስቱ አብረው ሸምበቆው ውስጥ ጠበቁ። መኪናው መጣ። ሹፌሩ መዝሙር እያፏጨ ወረደና ቱቦውን ጎተተ። ቢኒያም ነበር።

«አንተ!» ብላ ወጣች።

ቱቦው ከእጁ አመለጠ። «እማዬ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቤቴ አይደል እንዴ!»

«ማስወገጃው ሩቅ ነው። አለቃዬ ነው ‹እዚያ ሰው የለም፣ ድፋው› ያለኝ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

ቢኒያም አንገቱን ደፋ። «ዝም አልኩ።»

«እናትህ ሰው አይደለችማ!» ምራቋን እንትፍ አለች። ሊጨብጣት እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ አፈገፈገች። «በዚህ እጅህ እንዳትነካኝ። ሂድልኝ!»

እሱ ሲሄድ ሱሌይማን ከቤት ቤት እየዞረ ሰው ጠራ። የተሰበሰበው ጥቂት ሰው ቢሆንም የወደቀ ግንድ ጎትተው መንገዱን ዘጉት። መኪናው ተመልሶ አልመጣም።

ቢኒያም ሥራውን ለቀቀ። ወራት ቆይቶ፣ ሚኒባስ መንዳት ከጀመረ በኋላ፣ ሽክ ብሎ መጣና እግሯ ላይ ወደቀ።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ ተነስ» አለችው። ከልቧ ነበር።

ሊስማት ጉንጩን ሲያስጠጋ ግን ያ ሽታ መጣባት። ልጁ የሚሸተው ሳሙና ብቻ ነው፤ ይህን ታውቃለች። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ሳመችው። ፊቱን አዙሮ ጫማውን ሲያወልቅ በሻርፏ ጫፍ ከንፈሯን ጠረገች፤ አንዴ ጠርጋ አልበቃትም፣ ደገመችው።

ቢኒያም ቀና ሲል አያት። የፈታውን ጫማ መልሶ አሰረ።