ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ

ቡታጅራ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ከጽሕፈት መኪናዬ ተነሥቼ ሌላ ሥራ የሠራሁት ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። የዚያን ሦስት ሳምንት ነገር እስካሁን ለማንም በሙሉ አልተናገርኩም።

ደርግ ከወደቀ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር ሊሰጥ ነው ተብሎ በየቀበሌው ኮሚቴ የተመረጠበት ዓመት ነው። በዚያው ሰሞን አንድ ወጣት ተመራማሪ ከአዲስ አበባ መጣ። የሚያጠናው የጥንት ሰዎች የብረት ድንጋይ ቆፍረው ያወጡባቸውንና ያቀለጡባቸውን ቦታዎች ነው። የእኛን ቋንቋ አያውቅም። ኃላፊዬ ጠራኝና፣ "የተወለድሽበት መንደር ነው የሚሄደው። ቋንቋውን ታውቂያለሽ፣ ጽሕፈትሽም ንጹሕ ነው። ሂጂና አስተርጉሚለት" አለኝ።

ጠዋት ጠዋት ከከተማው በጋሪ እንወጣለን፤ መንገዱ ሲያልቅ በእግር ወደ ተራራው ሥር እንሄዳለን። ቦታው የታላቅ ወንድሜ ይዞታ ነው። ከእንሰቱ ጀርባ አንድ ጥቁር ክምር አለ፤ በልጅነታችን እየወጣን የምንንሸራተትበት። ምንም አይበቅልበትም። እኛ የተቃጠለ ድንጋይ ይመስለን ነበር። ተመራማሪው አንዱን አንሥቶ ገለበጠውና፣ "የብረት አር ነው። ብረቱ ወጥቶ የቀረው ዝቃጭ" አለ። ከዚያ ችካል ተከለ፣ በሲባጎ አራት ማዕዘን አደረገው፣ ሁለት የመንደሩን ጎልማሶች ቀጠረና መቆፈር ጀመሩ። አፈሩ በወንፊት ይነፋል፤ የተገኘው ከሰል በላስቲክ ይታሰራል፤ እኔ በላዩ ላይ ቁጥርና ቀን እጽፋለሁ።

ቆፋሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ይቀልዱ ነበር።

"ዶክተር ወርቁን ሲያገኝ ለእኔ አንድ ጥርስ ያሠራልኛል" ይላል አንዱ።

"የምን ወርቅ! የሚለቅመው የብረት አር ነው። የላም ፈልጎ ቢሆን ከእኔ በረት በነጻ ይዝቅ ነበር" ይላል ሌላው።

ተመራማሪው ምን አሉ ሲለኝ አንድም ሳላስቀር እነግረዋለሁ። ይስቃል። በእሱ ላይ የተባለውን እንኳ አልደብቅም ነበር። አስተርጓሚ ማለት እንደዚያ ነው ብዬ ነበር።

ከክምሩ ዝቅ ብሎ፣ በወንድሜ ይዞታ ጥግ፣ አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ ይኖሩ ነበር። በእኛ አገር ቀጥቃጭ መሬት አልነበረውም። በባለመሬት ጥግ ጎጆ ሠርቶ ይቀመጣል፤ ማረሻና ማጭድ ይሠራል፤ ከበረት አይገባም፤ ከቤትም አይገባም። እናቴ ለእኚህ ሰው ውሃ የምትሰጥበት ቅል ለብቻው አጥር ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። እኛ ልጆቹ አንነካውም። ቀጥቃጮች ሲሞቱም ከሌላው ሰው ጋር አይቀበሩም። እኔም እኚህን በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ስጠራ የኖርኩት "አንተ" እያልኩ ነው። ሁሉም እንደዚያ ይላቸው ስለነበር አስቤበት አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን መጥተው ራቅ ብለው ቆሙ። ተመራማሪው አያቸውና፣ "አባቴ፣ ይምጡ፣ ይቀመጡ" ብሎ የራሱን ተጣጣፊ ወንበር ሰጣቸው። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን አቁመው አዩ። ሽማግሌው ወንበሩን በእጃቸው ዳሰሱትና አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ከጉድጓዱ የወጣ የተሰበረ የሸክላ ቱቦ ሰጣቸው። ጣታቸውን አስገቡበት። "ይሄ የወናፉ አፍ ነው። ጫፉን እሳት በልቶታል። አባቴ በአንድ ማቅለጥ አራቱን ይጨርስ ነበር" አሉ በቋንቋችን። ስነግረው ተመራማሪው ፈጥኖ ደብተሩን ገለጠ። ብዙ አገር ዞሮ ሲቀለጥ በዓይኑ ያየ ሰው አግኝቶ አያውቅም ነበር። እሳቸው ልጅ ሳሉ አይተዋል። በኋላ ለማረሻና ለማጭድ የሚሆን የመኪና ባሌስትራ ከከተማ መምጣት ሲጀምር ማቅለጡ ቀረ።

በማግስቱ የብረት ድንጋዩ ወደተቆፈረበት ሸለቆ ወሰዱን። ጉድጓዶቹ በቁጥቋጦ ተሸፍነዋል። ከአንዱ አፍ ላይ ቆመው፣ "አጎቴ እዚህ ውስጥ አለ። አፈር ተናደበት" አሉ።

"አላወጣችሁትም?" ብሎ ጠየቀ ተመራማሪው በእኔ በኩል።

"ማን ሊረዳን? መንደሩን ጠራን። የመጣ የለም።"

ይህንንም በትክክል ነገርኩት። ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ጉድጓዱን አየሁ፤ ጥልቀቱ አይታይም።

ስንመለስ ሽማግሌው ከኋላዬ እየተራመዱ አናገሩኝ። "የጌታዬ ልጅ" ነበር የሚሉኝ፤ አባቴን ጌታዬ ስለሚሉ።

"የጌታዬ ልጅ፣ ኮሚቴው ጎጆዬ ያለበት ቦታ የአባቴ መሆኑን የሚያሳይ ምስክር አምጣ ብሎኛል። በደርግ ጊዜ ገበሬ ማኅበሩ ተቀመጥበት ብሎ በቃል ሰጥቶኛል፤ ወረቀት የለኝም። ጎረቤት ደግሞ አይመሰክርልኝም።"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"ይሄ ልጅ የሚጽፈውን ማኅተም አድርጎ ለቀበሌ ይሰጣል አሉ። እውነት ነው?"

እውነት ነበር። ሥራው ሲያልቅ በቦታው ላይ ያገኘውን ሁሉ ዘርዝሮ አንድ ቅጂ ለቀበሌው ሊያስገባ ቃል ገብቷል። ኮሚቴውም በዚያ አካባቢ ልኬት የሚጀምረው ቅጂው ሲደርስ ነው ተብሎ ነበር።

"እንግዲያው የአባቴን መቃብር አሳየዋለሁ። እሱ ከጻፈው ማን ያጠፋዋል?" አሉ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ቤት ጎራ አልኩ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም። አባታችን ሲሞት እኔን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማረኝ እሱ ነው፤ የእሱን ትምህርት አቋርጦ። ባሌ ሲሞት ደግሞ የዓመት ቆጮዬ ከእሱ ጓሮ ነበር የሚመጣው። ከአስር ሶላት ተመልሶ በሩ ላይ አገኘሁት።

"ጋሼ፣ እንዴት ዋልክ?"

"አልሐምዱሊላህ። ዶክተርሽ ይጽፋል?"

"ይጽፋል።"

"ያ ሰውዬ ብዙ ያወራዋል አሉኝ።"

"ያወራል።"

መቁጠሪያውን አንከባለለ። ከዚያ፣ "አምስት ወንዶች ልጆች አሉኝ። መሬቱ ለሁለት እንኳ አይበቃም። ዶክተሩ ጆሮ የለውም፤ ጆሮው አንቺ ነሽ" አለ።   ቆጮ ጠቅልለው ሰጡኝና ይዤ ወደ ከተማ ወረድኩ።

በሚቀጥለው ቀን ሽማግሌው ንጹሕ ልብስ ለብሰው መጡ። ከጥቁሩ ክምር ጀርባ፣ ከጎጇቸው በላይ፣ ረዘም ረዘም ያሉ ሁለት የድንጋይ ክምሮች አሉ። ሣር በቅሎባቸዋል። ተመራማሪው በአጠገባቸው ብዙ ጊዜ አልፎ ልብ አላላቸውም። ሽማግሌው መሐላቸው ቆሙ።

"ይሄኛው አባቴ ነው። ያኛው አያቴ ነው። ከሰው ጋር ስለማንቀበር በሠሩበት ቦታ ተቀበሩ። ብረቱን ያቀለጡት እነሱ ናቸው። እኔም የተወለድኩት እዚያ ታች ነው። ይጻፍልኝ" አሉ።

ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል ለይተው ነው የተናገሩት። ለማስተርጎም እንዲመቸኝ ይመስለኛል።

ተመራማሪው ደብተሩን ይዞ ወደ እኔ ዞረ። "እትዬ፣ ምን አሉ? እነዚህ ክምሮች ምንድን ናቸው?"

"ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ ነው ይላል" አልኩ። "ለእርሻ እንዳያስቸግር የሰበሰቡት።"

"ረጅም ነገር የተናገሩ መሰለኝ።"

"ሽማግሌ ነው፤ ይደጋግማል።"

ጻፈው። ሲጽፍ እስክርቢቶውን እመለከት ነበር። ቀና ስል ሽማግሌው እያዩኝ ነው። አልተቆጡም፤ ፊታቸውም አልተለወጠም። ለተመራማሪው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡና ወደ ጎጇቸው ወረዱ። ከዚያም በቀሩት ቀናት በየጠዋቱ እየመጡ ራቅ ብለው ይቆሙ ነበር። ተመራማሪው ይጠይቃቸዋል፤ ስለ ከሰሉ፣ ስለ ወናፉ፣ ስለ ድንጋዩ ይመልሳሉ። ስለ መቃብሩ ዳግመኛ አላነሡም። እኔም አላነሣሁም።

ቅጂው ማኅተም ተደርጎበት ለቀበሌው ገባ። የተየብኩት እኔ ነኝ። ዕቃው ሁሉ ተዘርዝሯል፤ ቱቦው፣ ከሰሉ፣ የእቶኑ ሥር፣ የሸለቆው ጉድጓዶች። ኮሚቴው ገመድ ይዞ መጣ። ሽማግሌው ምስክር አልነበራቸውም። ቦታው እስከ ታችኛው አጥር በወንድሜ ስም ተጻፈ። ወንድሜ አላባረራቸውም፤ እስከምትሞት ተቀመጥ አላቸው። እሳቸው ግን መዶሻቸውንና ወናፋቸውን ጭነው ከመከሩ በፊት ከቡታጅራ በታች ቆሼ ከተማ ወደምትኖር ልጃቸው ወረዱ።

ሁለት ዓመት አለፈ። የወንድሜ የመጀመሪያ ልጅ ሚስት አገባና ቤት ሊሠራ ተነሣ። ለመሠረት ድንጋይ ያስፈልጋል። ቅርብ ያለው ድንጋይ እነዚያ ሁለት ክምሮች ናቸው። በወረቀት ላይም ከማሳ የተለቀመ ተብሎ ተጽፏል። ወንድሜ ክምሮቹ ምን እንደሆኑ ያውቅ ነበር። ልጁን ግን አልከለከለውም፤ ቢከለክለው ለምን እንደሆነ መናገር ነበረበት። ሲያነሡት ከሥሩ አጥንት ወጣ። ልጁ ደንግጦ አባቱን ጠራ። ወንድሜ አጥንቱን በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስቦ ከጥቁሩ ክምር ሥር ቀበረው። ድንጋዩ ለመሠረቱ ዋለ። ከዚያ በኋላ ባለው በጋ የመንገድ ሥራ መጣና ጥቁሩን ክምር ራሱን ለመንገድ ሙሌት በመኪና ጭነው ወሰዱት። አጥንቱ አብሮ ተጭኖ ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም። ወንድሜን አንድ ጊዜ ጠይቄው፣ "አላየሁም" አለኝ።

በዚያው ዓመት የተመራማሪው ጥናት ታትሞ አንድ ቅጂ በመሥሪያ ቤቱ በኩል ደረሰኝ። ፊት ለፊቱ ላይ ምስጋና ጽፎልኛል። አነበብኩት። ከዚያ ዓርብን ፈቃድ ጠይቄ በአውቶቡስ ቆሼ ወረድኩ።

ቤቱን ለማግኘት አልቸገረኝም፤ ቀጥቃጩ ብል ሁሉም ያሳያል። ሽማግሌው በራፍ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ድምፄን ሲሰሙ አወቁኝ።

"የጌታዬ ልጅ። ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ ወደ ጥላው ይግቡ" አሉኝ።

በአማርኛ ነው የተናገሩት፤ ጥርት ባለ የገበያ አማርኛ። ቆሜ ቀረሁ።

"አማርኛ ታውቃለህ?" አልኳቸው። ያን ጊዜም "አንተ" ነው ያልኩት።

"ዕድሜዬን ሙሉ ዓርብ ዓርብ ቡታጅራ ገበያ ማጭድ የሸጥኩት በምን ቋንቋ ይመስልዎታል?"

"ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርክም?" አልኩ።

"ምን ልበል? የጌታዬ ልጅ ዋሸች ልበል? በእነዚያ ቆፋሪዎች ፊት?" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ደግሞ እርስዎ ይመለሱበታል ብዬ ነበር። ሥራው ሊያልቅ ገና ቀናት ይቀሩ ነበር። ለዚያ ነው በየጠዋቱ እየመጣሁ የቆምኩት።"

 ጥናቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

"አባቴን ምን ብሎ ጻፈው?"

ሌላ ነገር ማንበብ እችል ነበር፤ ዓይናቸው አያይም። ገጹን ገልጬ እንደተጻፈው አነበብኩ። "ከእቶኑ በስተምዕራብ ከማሳ የተለቀመ ድንጋይ ሁለት ክምር አለ። የአካባቢው ነዋሪዎች በዚህ እቶን ብረቱን ያቀለጡት እነማን እንደሆኑ በስም አያስታውሱም።"

"እርስዎ እንደነገሩት ነው የጻፈው" አሉ። "ደግ ልጅ ነበር። ወንበር ሰጥቶኛል።"

ስለ አጥንቱ ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። አልነገርኳቸውም። ቀድሞ ደርሷቸው እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቁኝም።

ልጃቸው እኔን አይታ ወደ ውስጥ ገብታ ነበር። በጓሮ በር ወጥታ ከሱቅ የታሸገ ውሃ ገዝታ መጣች። ከእነሱ ኩባያ እንደማልጠጣ አስባ ነው። በሁለት እጇ አቀረበችልኝና ወደ ኋላ ሸሸት አለች። መደቡ ላይ ሽማግሌው የሚጠጡበት የቆርቆሮ ኩባያ ተቀምጦ ነበር፤ ውሃ ነበረበት። እጄን ብዘረጋ ይደርስ ነበር።

የታሸገውን ከፍቼ ጠጣሁ።