ወደ ጓሮ ክፍል የገባው ገመድ

ስመኘው ፍኖተ ሰላም ውስጥ ዲሽ ይተክላል። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ከቆርቆሮ ጣሪያ ወደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲሻገር ነበር የሚውለው። ከትንሽ ጣት የቀጠነ ገመድ ያን ሁሉ ዓለም ከሰማይ ተሸክሞ ግድግዳ ማለፉ ሁልጊዜ ይገርመው ነበር። «አይሆንም» ብሎ አያውቅም ይሉታል።

የእህል ነጋዴው ጌታሁን ያስጠራው እናቱ ክፍል ድረስ ገመድ እንዲስብ ነው። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ እግራቸው አልታዘዝ ካለ ሦስት ዓመት አልፏል። ማታ ማታ ጌታሁንና ሚስቱ ካሰች ወንበራቸውን ግራና ቀኝ ይዘው ከጓሮ ክፍል ወደ ሳሎን ያመጧቸው ነበር።

«ከእንግዲህ አልጋቸው ላይ ሆነው ያያሉ፤ የእኔም ወገብ ያርፋል» አለች ካሰች።

ስመኘው ግድግዳውን ሲበሳ አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ ገመዱ አይደርስም በላቸው» አሉት።

«ኧረ ይተርፋል፣ እማማ!»

የቀለዱ መስሎት ነበር።

ሪሲቨሩ አንድ ነው፤ ያለውም ሳሎን። ስለዚህ ጓሮ የሚታየው ሳሎን የተከፈተው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንበሩ ከጓሮ ክፍል አልወጣም።

በስድስተኛው ወር ጌታሁን እንደገና አስጠራው። «ሁዳዴ ሊገባ ነው። ልጄ አይናለም ዘፈን በከፈተች ቁጥር እናቴም ዘፈን ሊያዩ ነው? ለብቻቸው ሪሲቨር አድርግላቸው።»

ስመኘው ገመዱን ሊያይ ጓሮ ገባ። ቴሌቪዥኑ ላይ ድራማው ተቋርጦ ዘፈን መጣ። ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ ፈገግ አሉ።

«አይናለም ሪሞቷን ከእናቷ ነጠቀች። ዜና ሲመጣ ደግሞ ጌታሁን ገባ ማለት ነው። እቤት መኖራቸውን የማውቀው በዚህ ነው፣ ልጄ። የዘፈኑ ኃጢአት በእኔ ይሁን፤ ይችን አትውሰድብኝ።»

ስመኘው ሳሎን ተመለሰ። «አይሆንም፣ ጋሽ ጌታሁን። ዲሹ ላይ ያለችው ዓይን መውጫዋ አንድ ነው፤ ሁለት ሪሲቨር አትችልም» አለ። ባለ ሁለት መውጫዋ ዓይን ቦርሳው ውስጥ ነበረች።

«አንተም የሚያቅትህ አለ እንዴ?» ሲል ጌታሁን ሳቀ።

በሳምንቱ ከቡሬ የመጣ ሌላ ሠራተኛ ከምሳ በፊት ጨረሰው። ስመኘው ሥራው አልፎበታል ተባለ።

በጾሙ አጋማሽ አሮጊቷን ሊጠይቃቸው ሄደ። ሳሎን ይሳቃል፤ ጓሮ ክፍል ግን ሳቁ አይሰማም። ወንበሩ ላይ ልብስ ተከምሮበታል። ስመኘው ብቻውን ከነወንበሩ ሊያነሳቸው አይችልም፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አዲሷ ሪሞት ከነላስቲኳ መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች።

«ጣቢያውን ልቀይርልዎት፣ እማማ?»

«ተወው።» ዓይናቸው ከምስሉ አልተነሳም። «ዛሬም ማንም አልነካውም» አሉ።